ሳያምም የሚወልቅ ዳሌ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ሕፃናት ቀዶ ጥገና የሚታዘዘው ለምንድን ነው?

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች በሚገናኙበት ሁሉ፣ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ወረፋ ላይም ሆነ በቴሌግራም ቡድን፣ ስለ ዳሌ ቀዶ ጥገና ሁለት የማይገጥሙ አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ ጥርጣሬ ነው፦ «ልጁን ምንም አላመመውም፤ ሐኪሙ ግን ራጁን አይቶ ኦፕሬሽን ይደረግ አለ።» ሌላው ተስፋ ነው፦ «ኦፕሬሽኑ ከተሠራለት ቆሞ ይሄዳል።» ለሕክምና ወጪ እርዳታ ሲጠየቅም ሁለተኛው አባባል ይደጋገማል፤ የለጋሽን ልብ የሚነካው እሱ ነውና።

ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ያልተብራራ ነጥብ ነው። ይህ ቀዶ ጥገና በአብዛኛው የሚሠራው አሁን ያለን ሕመም ለማዳን አይደለም፤ የማይሄድን ልጅ ለማስኬድም አይደለም። የሚሠራው ከዓመታት በኋላ ሊደርስ የሚችልን ውልቃት አስቀድሞ ለማስቀረት ነው። ገና ላልደረሰ ጉዳት ሲባል ልጅን ለማደንዘዣና ለምላጭ መስጠት ከባድ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ በምን ማስረጃ እንደሚወስኑ፣ ምን ያህል እንደሚሳካላቸው፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙትም የት ላይ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲወለድ ደህና የነበረ ዳሌ

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። «የአንጎል ሽባነት» የሚሉት አሉ፤ ብዙ ወላጆችና ባለሙያዎች ግን የውጭ ስሙን እንዳለ ስለሚጠቀሙበት እዚህም እሱው ይቀጥላል። ያለጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ሳይታከም የቀረ የአራስ ልጅ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከታወቁት መነሻዎች መካከል ናቸው። የአንጎሉ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ እየሰፋ አይሄድም። እየባሰ የሚሄደው ልጁ ባደገ ቁጥር በጡንቻውና በአጥንቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ነው።

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህኛው ሙቀጫ ተጠርቦ ያለቀ አለመሆኑ ነው። በሕፃንነት ከፊሉ ገና ልም አጥንት ነው። ጥልቀቱንና ቅርጹን የሚያገኘው የጭኑ ራስ መሐሉ ላይ ሆኖ እየተጫነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 4 እና 5 ዓመታት ነው። ዘነዘናው ወደ ዳር ከሸሸ ሙቀጫው ሳይጎደጉድ ይቀራል፤ ሙቀጫው ካልጎደጎደ ደግሞ ዘነዘናው ይበልጥ ይሸሻል።

ይህን አዙሪት የሚያስጀምሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የጡንቻ ጉልበት መዛባት ነው። ጭንን ወደ ውስጥ የሚስቡት የብሽሽት ጡንቻዎችና ጭንን ወደ ሆድ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ግትር ሆነው ያለማቋረጥ ይጎትታሉ፤ እግርን የሚከፍቱትና የሚዘረጉት ግን ደካማ ናቸው። የልጁ እግሮች እንደ መቀስ የሚጠላለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ጭኑ ወደ ውስጥ በተሳበ ቁጥር ራሱ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይገፋል።

ሁለተኛው ምክንያት አለመቆም ነው። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ የጭን አጥንቱ አንገት (ክቡን ራስ ከአጥንቱ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ወደ ፊት የዞረ ነው፤ መጠኑ በአማካይ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ቆሞ የሚሄድ ልጅ እያደገ ሲመጣ ዙሩ እየቀነሰ በጉልምስና 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፤ ቀጥ ብሎ የነበረው አንገትም ወደ ጎን ይጋደማል። ይህን ቅርጽ የሚያወጣው የሰውነት ክብደትና የመራመድ ሥራ ነው። ክብደቱን በእግሩ ላይ ያልጣለ ልጅ የአራስ ልጅ የጭን አጥንት እንደያዘ ያድጋል፤ የጭኑም ራስ ወደ ጎድጓዳው መሐል ሳይሆን ወደ ዳሩ እንዳየ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከሌላ ሕመም ጋር መለየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሕፃናት የዳሌ መገጣጠሚያቸው ሲወለዱ ጀምሮ የላላ ወይም የወለቀ ይሆናል፤ በጊዜ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ እግርን ከፍቶ በሚይዝ ማሰሪያ ይድናል። በሴሬብራል ፓልሲ ግን ዳሌው ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ነው። የሚሸሸው ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት ነው። የማሰሪያው ሕክምናም ለዚህኛው አልሠራም።

ዳሌው ጨርሶ ሲወልቅ ምን ይሆናል? ሕመም አንዱ ነው፤ የሁሉም ልጅ ዕጣ ግን አይደለም። እግሮቹ ስለማይከፈቱ ዳይፐር መቀየርና ገላ ማጠብ ለእናቲቱም ለልጁም የየቀን ትግል ይሆናል። ዳሌው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስተካክሎ ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ ክብደቱ በአንድ ጎን ስለሚያርፍ ቆዳ ይቆስላል። የጀርባ አጥንት መጣመምም ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚናገሩበት ቃል የላቸውም፤ ስለዚህ ሕመሙ የሚታወቀው በሌሊት ለቅሶ፣ ምግብ በመተው፣ ልብስ ሲለበስ በመጮህ ነው። «አመለኛ ሆነ» የተባለ ልጅ ዳሌው ወልቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም

«ሴሬብራል ፓልሲ አለበት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ዳሌው ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን ልጁ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ1997 የወጣው ባለ 5 ደረጃ የእንቅስቃሴ ችሎታ ምደባ ነው፤ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጂኤምኤፍሲኤስ ይሉታል። በደረጃ 1 ያለ ልጅ ይሮጣል፣ ደረጃ ይወጣል። በ2 ያለው ይራመዳል፤ ግን ረጅም መንገድና ወጣ ገባ መሬት ያስቸግረዋል። በ3 ያለው ምርኩዝ ወይም የመራመጃ ፍሬም ይዞ ይሄዳል። በ4 ያለው በራሱ የሚንቀሳቀሰው በጣም ጥቂት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በወንበር ይገፋል። በ5 ያለው ራሱንና ወገቡን ደግፎ መያዝም ይቸግረዋል።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት 323 ሕፃናትን የተከታተለው በ2006 የታተመ ጥናት ይህን ደረጃ ከዳሌ ራጅ ጋር አነጻጸረ። ከጠቅላላዎቹ 35 በመቶ ገደማ ዳሌያቸው ሸሽቶ ተገኘ። በየደረጃው ሲታይ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው፦ በደረጃ 1 አንድም ልጅ አልተገኘም፤ በ2 ወደ 15 በመቶ፣ በ3 ወደ 41፣ በ4 ወደ 69፣ በ5 ወደ 90 በመቶ ነበር።

ጥናቱ አንድ የቆየ እምነትንም ነቅንቋል። ዳሌን የሚያስወጣው የጡንቻ ግትርነት ብቻ ነው ይባል ነበር። ሆኖም ጡንቻቸው ልል የሆነ፣ እግራቸው የማይጠላለፍ ልጆችም ዳሌያቸው ሸሽቶ ተገኝቷል። «የእኔ ልጅ እንኳን ግትር ሊሆን እንደ ጨርቅ ልል ነው» የሚል ወላጅ እፎይ የሚልበት ምክንያት የለም። ዋናው ጥያቄ ልጁ ይራመዳል ወይስ አይራመድም የሚለው ነው።

በእርሳስና በማስመሪያ የሚገኝ ቁጥር

ሐኪም ራጅ አይቶ «ይህ ዳሌ እየሸሸ ነው» ሲል በዓይን ግምት አይደለም፤ ወይም መሆን የለበትም። ዴንማርካዊው የአጥንት ሐኪም ዮርገን ራይመርስ በ1980 ያቀረበው ልኬት እስከ ዛሬ ዋናው መመዘኛ ነው። የሁለቱን ዳሌዎች ጎድጓዳ የሚያገናኝ አግድም መስመር ይሰመራል። ከጎድጓዳው የውጭ ጠርዝ ላይ ደግሞ በእሱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ይሰመራል። ከዚያ የጭኑ ራስ ከዚህ መስመር ውጭ የቀረው ስፋት ለጠቅላላ ስፋቱ ይካፈላል። የጭኑ ራስ በራጁ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢሰፋና 12ቱ ከመስመሩ ውጭ ቢሆን የመሸሽ መጠኑ 40 በመቶ ነው። ኮምፒውተር ሥራውን ያፈጥነዋል እንጂ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃዋል።

ከ30 በመቶ በላይ የሆነ ዳሌ «ሸሽቷል» ይባላል፤ ከታች የሚነሣው የስዊድን የክትትል መርሐ ግብር 33 በመቶን ይጠቀማል። 40 በመቶ ላይ የደረሰ ዳሌ በራሱ የመመለሱ ተስፋ በጣም ጠባብ ስለሆነ ብዙ ማዕከሎች ቀዶ ጥገናን በቁም ነገር የሚያነሡት እዚህ ላይ ነው። 100 በመቶ ማለት ሙሉ ውልቃት ነው። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ግን በሁለት ራጆች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ልምድ ያለው ባለሙያ እንኳ አንዱን ራጅ ሁለት ጊዜ ሲለካ በ5 ነጥብ ገደማ ሊለያይ ስለሚችል፣ ከ27 ወደ 30 መውጣት ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ከ22 ወደ 36 መውጣት ግን ያስጨንቃል።

የተሳሳተ ቁጥር ከተሳሳተ ራጅም ይመጣል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ፣ ዳሌው ሳያዘነብል፣ እግሮቹ ጎን ለጎን ሆነው፣ የጉልበቱ ሎሚዎች ወደ ጣሪያ እያዩ መነሣት አለበት። ጉልበቱና ዳሌው የማይዘረጋለት ልጅ ከእግሩ ሥር ትራስ ይደረግለታል። እያለቀሰ በተጠማዘዘበት የተነሣ ራጅ ደህናውን ዳሌ የሸሸ፣ የሸሸውን ደህና ያስመስላል።

ለምን በእጅ ምርመራ ብቻ አይታወቅም? እግሩ ምን ያህል እንደሚከፈት መለካት ለፊዚዮቴራፒስቱ ጠቃሚ ነው፤ ዳሌው ሸሽቶ እንደሆነ ለመለየት ግን ደካማ መሣሪያ ነው። እግሩ ደህና የሚከፈት ልጅ ዳሌው ግማሽ ለግማሽ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ሕመምም ምልክት አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ፣ የጭኑ ራስ ልም አጥንት ከተፋቀና ክብነቱ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዳሌውን ወደ ቦታው የመመለሱ ዕድል ጠቧል። «ሕመም ሲሰማው እንመጣለን» የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ቢመስልም መከላከያው የሚሠራበትን ጊዜ አስቀድሞ ያሳልፋል።

የክትትልን ውጤት በግልጽ ያሳየችው ስዊድን ናት። በ1994 በደቡባዊዎቹ ስኮኔና ብሌኪንግ አውራጃዎች ሲፒዩፒ የተባለ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በኋላም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ደረጃ 3፣ 4 እና 5 ላይ ያሉ ልጆች እስከ 8 ዓመታቸው በየዓመቱ የዳሌ ራጅ ይነሣሉ፤ ደረጃ 2 ላይ ያሉት በ2 እና በ6 ዓመታቸው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወደ አጥንት ሐኪም ይመራሉ። ከመርሐ ግብሩ በፊት በተወለዱት ልጆች ላይ 8 በመቶ ገደማ የነበረው ሙሉ ውልቃት ከእሱ በኋላ በተወለዱት ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ልጆቹ በዕጣ ተከፋፍለው የተደረገ ሙከራ ስላልሆነ ለውጡን ሁሉ ለክትትሉ መስጠት አይቻልም የሚል ትችት ይቀርባል፤ ትችቱም ከዘዴ አንጻር ትክክል ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱ ለ20 ዓመት ዘልቋል። አውስትራሊያ በ2008 አገር አቀፍ መመሪያ አወጣች፤ ስኮትላንድ በ2013፣ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2015 ተከተሉ። በእነዚህ አገሮች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ደህና የሚመስል ልጁን ይዞ በየዓመቱ ለራጅ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ጅማት፣ አጥንት፣ መጨረሻም ማስታገሻ

«የዳሌ ኦፕሬሽን» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ቀዶ ጥገናዎች በክብደታቸው እጅግ ይራራቃሉ።

ቀላሉ የጡንቻና የጅማት ቀዶ ጥገና ነው። ብሽሽት ላይ በትንሽ ቁስል ጭንን ወደ ውስጥ የሚስቡት ጡንቻዎች ጅማት ይቆረጣል ወይም ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ ጭንን ወደ ሆድ የሚስበውም ይላላል። አጥንት አይነካም፣ የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው፣ ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ቃሉ በጥብቅ ትርጉሙ «መከላከያ» ተብሎ የሚጠራው ይህኛው ነው።

ከዚህ ጋር የሚመደብ አዲስ ዘዴም አለ፤ የታይዋን ሐኪሞች ቀድመው ካስተዋወቁት መካከል ናቸው። በጭኑ ራስና አንገት መካከል ባለው የማደጊያ ሰሌዳ ውስጥ በስተ ውስጥ በኩል አንድ ብሎን ይገባል። የውስጡ ወገን ማደጉን ሲያቆም የውጩ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ጎድጓዳው ይዞራል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ የሚሠራው ግን ልጁ ብዙ የሚያድግበት ጊዜ ከቀረው ብቻ ነው። አጥንቱ አድጎ ከብሎኑ ጫፍ ስለሚያመልጥም እንደገና መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው የአጥንት ቀዶ ጥገና ነው። የጭን አጥንት ከአንገቱ በታች ይቆረጥና ራሱ ወደ ጎድጓዳው እንዲያይ ዞሮና ተጋድሞ በብረትና በብሎን ይታሰራል። ጎድጓዳው ራሱ ጠፍጣፋ ከሆነ የዳሌ አጥንቱም ተቆርጦ እንደ ጣሪያ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ክፍተቱም በአጥንት ቁራጭ ይሞላል። ሰዓታት የሚፈጅ፣ ደም የሚጠይቅ፣ ጥሩ የሕፃናት ማደንዘዣ ባለሙያና ከቀዶ ጥገና በኋላ የቅርብ ክትትል የሚሻ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መከላከል ያመለጠበት ነው። ዳሌው ለዓመታት ወልቆ፣ የጭኑ ራስ ተበልቶ፣ ሕመሙ ሲበረታ፣ ራሱን ቆርጦ ማውጣት ወይም የጭኑን አቅጣጫ ማስቀየር ይሞከራል። ዓላማው ዳሌ መመለስ ሳይሆን ሕመም ማስታገስና እግር እንዲከፈት ማድረግ ነው፤ ውጤቱም እርግጠኛ አይደለም። በሙያው ውስጥ «የማዳኛ» ቀዶ ጥገና መባሉ ስሙን ከሥራው ያስበልጠዋል።

ከአጥንት ቀዶ ጥገና በኋላ ያሉት ሳምንታት ለቤተሰብ ከቀዶ ጥገናው ቀን ይከብዳሉ። በአንዳንድ ማዕከል ልጁ ከወገቡ እስከ እግሩ ለ6 ሳምንት ገደማ በጀሶ ይያዛል፤ ሌሎች እግርን ከፍቶ በሚይዝ ስፖንጅ ብቻ ይረካሉ። ጡንቻው በሚኮማተርበት ጊዜ ሕመሙ ይብሳል። ጀሶ ውስጥ የከረመ የሳሳ አጥንት ሲፈታ፣ በተለይ ከጉልበት በላይ፣ በቀላል እንቅስቃሴ ሊሰበር ይችላል። የሳንባ ምች የሚያሰጋቸው፣ በምግብ የተጎዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ላይ አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ስለ ብረቱ ከማውራቱ በፊት ስለ ልጁ ክብደትና አመጋገብ ይጠይቃል።

ሐኪሞች የማይስማሙበት

ትልቁ ክርክር ቀላሉ ቀዶ ጥገና ምን ያህል ይበቃል የሚለው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ጅማትን ቀድሞ መቁረጥ ዳሌን ያድናል ተብሎ በሰፊው ይሠራ ነበር። በሜልበርን ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 330 ሕፃናት ለዓመታት ተከታትለው ውጤታቸው በ2012 ሲታተም የተገኘው ስሌት ቀዝቃዛ ነበር። ተጨማሪ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገው ዳሌው የረጋለት ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ውጤቱ በእንቅስቃሴ ደረጃ ሲከፋፈል በደረጃ 2 ወደ 94 በመቶ፣ በ3 ወደ 49፣ በ4 ወደ 27፣ በ5 ወደ 14 በመቶ ሆነ። በሌላ አነጋገር ቀዶ ጥገናው በደንብ የሠራው ብዙም በማያስፈልጋቸው ልጆች ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት የተለያየ መደምደሚያ ይወጣል። አንደኛው ወገን ለደረጃ 4 እና 5 ልጆች ጅማት መቁረጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ 40 በመቶን ሲያልፍ በቀጥታ ወደ አጥንቱ መሄድ ልጁን ከሁለት ማደንዘዣ ያድነዋል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የ3 ዓመት ልጅ አጥንት ተቆርጦ ቢስተካከል እንኳ እያደገ ሲሄድ አንገቱ እንደገና ቀጥ ይላል፤ በጅማት ቀዶ ጥገና ሁለትና ሦስት ዓመት ማትረፍ ትልቁ ሥራ በተሻለ ዕድሜና በጠነከረ አጥንት ላይ እንዲሠራ ያደርጋል ይላል። ሁለተኛው መከራከሪያ የሚያሳምነው ልጁ በየ6 ወሩ ራጅ የሚነሣበትና ትልቁ ቀዶ ጥገና በተፈለገ ጊዜ የሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። ያ በሌለበት የተተረፈው ጊዜ ማንም ሳያየው ያልፋል።

አንድ ዳሌ ብቻ ሲሸሽ ሌላውም አብሮ ይሠራ ወይ የሚለውም ጥያቄ አልተዘጋም። አብሮ መሥራት ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ሁለተኛ ማደንዘዣም ያስቀራል፤ ነገር ግን ላይሸሽ ይችል የነበረ ዳሌ ይቆረጣል።

ያለ ቀዶ ጥገና የሚደረጉት ሙከራዎችስ? ቦቱሊነም ቶክሲን፣ ማለትም ጡንቻን ለጥቂት ወራት የሚያላላ መርፌ፣ ከማሰሪያ ጋር ተዳምሮ በአውስትራሊያ በ90 ሕፃናት ላይ ለ3 ዓመት ተሞክሯል፤ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። ሽሽቱን በጥቂቱ አዘገየ፤ አላስቆመውም። ከዓመታት በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲታዩ ካልተወጉት ጋር የጎላ ልዩነት አልነበራቸውም። መቆሚያ ፍሬም፣ የአቀማመጥ ማስተካከያና ፊዚዮቴራፒ ለልጁ ምቾት፣ ለሳንባውና ለአጥንቱ ይጠቅማሉ፤ ብቻቸውን ዳሌን በቦታው እንደሚያቆዩ ግን ጠንካራ ማስረጃ የላቸውም። ይህን መስማት በየቀኑ ልጃቸውን ሲያሠሩ ለሚውሉ እናቶች ከባድ ነው። ዳሌው ከሸሸ ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነም ግን የሚነግራቸው ይኸው ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ፈጽሞ ለማይራመድ፣ ሌላም ሕመም ለተደራረበበት ልጅ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ዳሌያቸው ወልቆ ያለ ሕመም የሚኖሩ ጎልማሶች አሉ፤ ጥናቶች ሕመም የሚሰማቸውን ድርሻ የሚያስቀምጡት በጣም በተራራቀ ቁጥር ነው። ስለዚህ «የወለቀ ሁሉ ይሠቃያል» ማለት ስሕተት ነው። የማይሠቃየው የትኛው እንደሚሆን በ4 ዓመቱ አስቀድሞ መለየት ግን አይቻልም። ቀዶ ጥገናን የሚደግፉት በዚህ ይከራከራሉ፤ የሚጠነቀቁት ደግሞ የልጁ ደረት፣ ክብደትና ዕድሜ ሚዛን ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። በእኔ ግምት የሁለተኞቹ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹን አያፈርስም፤ ማን ይሠራለት የሚለውን ያጠባል እንጂ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መልክ

እንደ ስዊድን ያለ በአገር ደረጃ የሚመራ የዳሌ ክትትል መዝገብ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። የሕፃናት አጥንት ሕክምና ግን አለ። በ2008 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍልም ሐኪሞችን ያሠለጥናል። መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከል የአካል ድጋፍ መሣሪያና ተሐድሶ ይሰጣል። ችግሩ ባለሙያዎቹ በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች መሰብሰባቸው፣ ልጁም ወደ እነሱ የሚደርሰው ብዙ በር ካንኳኳ በኋላ መሆኑ ነው።

ከእነዚያ በሮች አንዱ ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ወይም ጣት ሲመልስ ያየ ቤተሰብ «ዳሌውም ወልቆ ከሆነ ይመልሰው» ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። ልዩነቱ ይህ ዳሌ በመውደቅ በአንድ ቅጽበት የወለቀ አለመሆኑ ነው። ጡንቻው አጥሯል፣ ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ሆኗል፣ የጭኑ አንገት ዞሯል፤ በእጅ ጎትቶ የሚገባበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ የማይቆም ልጅ አጥንት የሳሳ ነው። ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ለዓመታት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቶቹ የቫይታሚን ዲ መጠንን ስለሚቀንሱ ይበልጥ ይሳሳል። በኃይል መጎተት ጭኑን ሊሰብር ይችላል።

ስለ አንቀልባም የሚጠየቅ አለ። ልጅን እግሩን ከፍቶ በጀርባ ማዘል ሲወለዱ ጀምሮ ለላሉ ዳሌዎች ይጠቅም ይሆናል የሚል መላ ምት ከማላዊ የመጡ ሐኪሞች አንሥተዋል። በሴሬብራል ፓልሲ ለሚሸሽ ዳሌ ግን መከላከያ መሆኑ አልታየም። ማዘሉ ልጁን አይጎዳውም፤ ራጁን ግን አይተካውም።

የቅድሚያ ጥያቄም አለ። በምሥራቅ ኡጋንዳ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 2.9 ያህሉ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከፍ ባለው የዕድሜ ክልል ከባድ የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው ልጆች ቁጥር አንሶ መገኘቱም ብዙዎቹ በልጅነት እንደሚሞቱ ያመለክታል። ከዚህ ተነሥቶ «በእኛ አካባቢ መጀመሪያ አመጋገብ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የሳንባ ምች ሕክምና ይቅደም፤ የዳሌ ቀዶ ጥገና ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ባዶውን አይደለም። ነገር ግን ክትትሉና ቀዶ ጥገናው አንድ ዋጋ የላቸውም። ትልቁን የአጥንት ቀዶ ጥገና በየክልሉ ማዳረስ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። የዳሌ ራጅ ግን ብዙ ሆስፒታሎች ለሌላ ሕመም በየቀኑ የሚያነሡት ነው፤ የጎደለው በ2 ዓመቱ ራሱን ችሎ ያልቆመን ልጅ ለዚህ ራጅ የሚልክ ሰውና ራጁ ላይ መስመር የሚያሰምር እጅ ነው። ያንን አንድ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ጠቅላላ ሐኪም በአጭር ሥልጠና ሊማረው ይችላል። ቁጥሩ የታወቀ ልጅ አዲስ አበባ የሚላከው ጅማት ወይም አጥንት ማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ ይሆናል።

ከሌላው አገር የሚለየን አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የራጁ ፊልም ለታካሚው ይሰጣል፤ ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን ላይ ወይም ፍራሽ ሥር ይቀመጣል። ዳሌው የሸሸበትን ፍጥነት የሚያሳየው ያ አሮጌ ፊልም ነው። የልጁ ስም፣ የተነሣበት ቀንና ቀኝና ግራው የተጻፈበት የዓምና ራጅ ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን መብራት ላይ ሲሰቀል፣ ሐኪሙ «ቀዶ ጥገና ይደረግለት» ወይም «ለ6 ወር እንጠብቅ» ለማለት የሚያስፈልገውን ልዩነት በማስመሪያ ያገኘዋል። ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላም ፊልሞቹ አይጣሉም፤ የልጁ አጥንት ማደጉን እስኪያቆም ድረስ የተስተካከለው ዳሌ እንደገና ሊሸሽ ስለሚችል መለካቱ ይቀጥላል።